ስለሚሄደው ኮከብ ልጠይቅ ሄጄ

ከደብረ ማርቆስ የተነሣሁት ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ልቤን ግን ሆስፒታል ትቼው። እናቴ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ሁለተኛ ቀኗ ነበር፤ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏታል። ከሮብ ገበያ በላይ ያለው የጠፈር ምርምር ጣቢያ ደግሞ ለጎብኚ የሚከፈተው አልፎ አልፎ ነው፤ ስሜን ካስመዘገብኩ ወራት አልፈዋል። ልቀር ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"ሂድ። ያን የሚሄደውን ኮከብ ጠይቅልኝ።"

አመሻሽ ላይ በደጃችን አናት የሚያልፍ፣ መንገድ ላይ ድንገት የሚጠፋ ብርሃን አለ። ምንነቱን ስንት ዓመት ስትጠይቀኝ "እንጃ" እያልኩ አልፌያታለሁ።

ሮብ ገበያ፣ ሦስት ሰዓት

ሚኒባሱ መቶ ሃምሳ ብር ተቀብሎ በገብስ ማሳው መሀል እያንገጫገጨ አደረሰን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መንገድ ዳር በሚጥሚጣ የሚሸጥ ቅቅል ድንች ገዝቼ አንዱን ዋጥኩ፤ ሁለተኛውን መልሼ ለሻጯ ሰጠኋት። እናቴን የምታስታምመው ታላቅ እህቴ ትርንጎ ጋ በየአሥር ደቂቃው እደውላለሁ፤ መልሷ ያው "ተኝታለች" ነው። በመጨረሻ ሰለቻት መሰለኝ፣ አንተ ስለደወልክ አትድንም አለችኝ።

ጣቢያው፣ አራት ሰዓት ተኩል

በሩ ላይ ጥበቃው ስልካችንን አስጠፍቶ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ከሰማይ የሚመጣውን ስስ ምልክት ስልክ ይረብሸዋል አሉ። ልመለስ አሰብኩ፤ እግሬ ግን ከሰልፉ ጋር ገባ።

አስጎብኚያችን ወጣት መሐንዲስ ናት። ከቤት ጣሪያ የሚሰፋውን፣ ከሰማይ ምልክት የሚቀበለውን ነጭ ሳሕን መሰል አንቴና፣ ቀጥሎም ኮምፒውተር የሞላበትን የመቆጣጠሪያ ክፍል አሳየችን። ሰው ሁሉ ሲደነቅ እኔ ባዶ ኪሴን እዳብሳለሁ። የእናቴን ጥያቄ እንኳን እንደምንም ጠየቅሁ።

"ሳተላይት ነው" አለችኝ። "የራሱ ብርሃን የለውም። ለእኛ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እሱ ከፍ ብሎ ስላለ ገና አልጠለቀችበትም። የምታዩት እሱ ላይ ያረፈውን የፀሐይ ብርሃን ነው፤ ወደ ምድር ጥላ ሲገባ ድንገት ይጠፋል።"

የመልስ ጉዞ

ስልኬን ስከፍት ትርንጎ ሰባት ጊዜ ደውላለች። ደወልኩ። ድምፅዋ ጎርንኗል።

"ብቻ ና" ብላ ዘጋችው።

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። "ብቻ ና" የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሕፃንም ያውቃል። መልሼ ብደውል አታነሣም። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ቄስ ፊቴን አይተው ምን ሆንክ አሉኝ፤ እናቴ ሆስፒታል እንዳለች፣ ብቻ ና እንደተባልኩ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሒሳቤን ከፈሉልኝ። ሹፌሩም የከፈተውን ዘፈን አጠፋ። ያ ደግነታቸው ጨረሰኝ። እስከ ማርቆስ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ማርቆስ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ሆስፒታሉ ግቢ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ዘመድ በዓይኔ ፈለግሁ፤ የለም። የክፍሉን በር ስከፍት እናቴ ሁለት ትራስ ተደግፋ አጥሚት ትጠጣለች።

ትኩሳቱ ረፋዱ ላይ ለቋታል። ሰባት ጊዜ ያስደወለችው ራሷ ናት፤ ኮከቡ እኛን የሚያየን እንደሆነም ጠይቅ ልትለኝ። ትርንጎን ጉንፋን ይዟታል፤ ተቻኩላ ስልኩን የዘጋችው፣ መልሳም ያላነሣችው ነርሷ ስለተቆጣቻት ነው። እህቴ ላይ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ እናቴ ግን ቀደመችኝ።

"እህሳ፣ ምን አሉህ?" አለች እናቴ።

የመሐንዲሷን ቃል እንዳለ ነገርኳት። ያበጠ ዓይኔን ስታይ ቆየችና አጥሚቱን አቀበለችኝ።

"ለአንተማ ፀሐይ ጠልቃብህ ነበር" አለችኝ።

ያን ጣቢያ አየሁት ማለት አልችልም፤ ሐሳብ ይዞ የሄደ ሰው አገር እንደማያይ ግን ተምሬያለሁ። ዳግም ሲከፈት የማስመዘግበው ሁለት ስም ነው። የቀረውን ጥያቄ ራሷ ትጠይቅ።