የጅቡ ጉትቻ

ልጅ እያለሁ ሱዳን፣ ዶካ ውስጥ፣ አያ ደሴ ሲመሽ ጅብ እንደሚሆን የማያወራ ሐበሻ አልነበረም። አያ ደሴ ቀጥቃጭ ነበር። ሰሊጥ በደረሰ ቁጥር ያ ሁሉ አጫጅ ማጭዱን የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው። ሰውየውን "ቡዳ ነው" ብለው ይፈሩታል፤ ማጭዱን ግን አይፈሩትም። ይህን ታዝቦ የሚያፍር አንድ አዋቂ አልነበረም።

ልጁ ዝናሽ ጓደኛዬ ነበረች። ሌሎቹ ልጆች የነካችውን ጠጠር ስለማይነኩ ቅልልቦሽ የምትጫወተው ከእኔ ጋር ብቻ ነው። እጇ ከሰልና የጋለ ብረት ይሸት ነበር። ዛሬም ያ ሽታ ሲያጋጥመኝ ሆዴ ይባባል።

አንድ ጠዋት ሱዳናዊው የእርሻ ጠባቂ ጅብ ገደለ። ጅብ የሆነ ቡዳ ሲሞት ጆሮው ላይ ጉትቻው ይገኛል ስለሚባል ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጠባቂው "ያ ናስ፣ ደ መርፈዒን ሳኪት" እያለ ሳቀብን፤ ተራ ጅብ ነው ማለቱ ነው። እነዚያ ጀግኖች ግን መቅረብ ፈርተው እኔን የስምንት ዓመቷን ላኩኝ። ጆሮው ላይ ደምና ዝንብ እንጂ ሌላ አልነበረም።

"አየሽው አይደል ጉትቻውን?" አለች አክስቴ። ሁሉም ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሰው እንደዚያ ሊሰማኝ ጓጉቶ አያውቅም።

"አዎ፣ አየሁት" አልኩ።

አያ ደሴ በሕይወት ቆሞ ብረት እየቀጠቀጠ ነበር። "እንግዲያው የሞተው ዘመዱ ነው" ብለው ተገላገሉ። በሳምንቱ ሽማግሌ ልከው ሰፈሩን አስለቀቁት። ዝናሽ የሚወስዳቸው ሎሪ ላይ ሳትወጣ "እውነት ጉትቻ ነበረው?" አለችኝ። አቀርቅሬ የቅልልቦሽ ጠጠራችንን አስጨበጥኳት። በተከታዩ አጨዳ ማጭድ ለማሠራት ገዳሪፍ ድረስ ሲመላለሱ፣ "ምነው ደሴ በኖረ" ይሉ ነበር፤ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

አሁን የምኖረው ገዳሪፍ ነው። በቀደም አንድ ተማሪ በአፈ ታሪክ ውስጥ ያሉ አስፈሪ ፍጥረታትን ትርጉም አጠናለሁ ብሎ ቤታችን መጣ። አክስቴ የጅቡን ታሪክ አሳምራ ነገረችውና፣ "ይቺው በዓይኗ ያየች" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

"ዋሽቼ ነው እቴቴ፣ ምንም አልነበረም" አልኩ።

"ዛሬም ቡዳዎቹን ስለምትፈራ ነው" አለችው አክስቴ።

ተማሪው ራሱን ነቅንቆ የአክስቴን ቃል ጻፈ። ያኔ በአንዲት ውሸቴ ቤተሰብ ተነቀለ፤ ዛሬ እውነቱን ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ።