ተራው የአቢጋኤል ነው

ተገኘ እንጀራ የሚበላው ተራ በማስከበር ነው። ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ አንዱ ሚኒባስ ሳይሞላ ሌላው እንዳይጭን ሲጮህ ያረፍዳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በዚያው በሻከረ ጉሮሮው የትምህርት ቤት ሴት ልጆችን ቅርጫት ኳስ ያሰለጥናል።

ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ያቀብላሉ፣ ምንም አይወጣላቸውም። ያስቸገረው ጨዋነታቸው ነው! ቅርጫቱ ሥር ሲደርሱ "አንቺ ወርውሪ"፣ "ኧረ አንቺ"፣ "አይሆንም፣ አንቺ ትበልጪኛለሽ" ይባባላሉ። ሠርግ ቤት ወንበር የሚገባበዙ ሽማግሌዎች እንኳ እንዲህ አይግደረደሩም። ትንሿ አቢጋኤልማ ኳስ እጇ ሲገባ ትደነግጣለች፤ ቶሎ ለረጅሟ ለማራኪ ሰጥታ ትገላገላለች።

ተገኘ የማጥቃት ዘዴ የሚያስተምር ቪዲዮ በስልኩ አየ። ቀስቱና መስመሩ ሲበዛበት ዘጋውና የሚያውቀውን አመጣ።

"ከዛሬ ጀምሮ የሚወረወረው በተራ ነው! ተራዋ የደረሰ ትወረውራለች፣ ሌላው መንገድ ይከፍታል።"

አይገርምም? ሠራ! ተጋጣሚ ሁሉ ማራኪን ከቦ ሲጠብቅ ሌላዋ ተጫዋች ጵርስቅላ እንደ ልቧ ታገባ ጀመር።

ከዱራሜ ልጆች ጋር የሚጋጠሙበት ቀን ሲደርስ ርዕሰ መምህሩ ቁርጡን ነገሩት፤ ካሸነፉ ሜዳው የእነሱ ነው፣ ከተሸነፉ ለመረብ ኳስ ይሰጣል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዱራሜዎች በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር። ኳስ ጵርስቅላ እጅ ናት። ማራኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠባቂ አጥታ ቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ቆማለች። ተገኘ አላስቻለውም።

"ለማራኪ! ለማራኪ ስጫት!"

"ጋሼ፣ ተራው የአቢጋኤል ነው!" አለች ጵርስቅላ፤ አቀበለቻትም።

አቢጋኤል ወረወረች። ኳሷ ብረቱን ነክታ ወደ ውጭ ወደቀች፤ ፊሽካ ተነፋ።

"ረጅሟ ጠባቂ ሳይኖራት ቆማ ለትንሿ መስጠት ምን የሚሉት ነው?" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

"ልጆቹ ልክ ናቸው፤ ተራ የዘለልኩት እኔ ነኝ" አለ ተገኘ። እንዲህ ያፈረበት ቀን አልነበረም።

ሰው ሁሉ ሲበተን አቢጋኤል እንባዋን እየጠረገች እዚያው ቆማ ቀረች። ማራኪ ኳሷን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

"አልሰጥሽም!" አለቻት አቢጋኤል፤ "ልድገም።"

ወረወረች፤ ሳተች። ራሷ ሮጣ አመጣችና እንደገና ሳተች። ተገኘ ጃኬቱን አውልቆ ቅርጫቱ ሥር ሄዶ ቆመ።

"ወርውሪ" አላት ኳሷን እየመለሰላት፤ "የመረብ ኳሱን መረብ የሚተክሉት ነገ ነው።"