በሳን ልዊስ በኩል የሄደ ሽምግልና

ማግባት ለሚያስብ ሰው ሁሉ አንድ ምክር አለኝ፤ ጋሼ ካሣዬን ሽማግሌ አድርጎ አይላክ። ወይም ይላክ። እኔ እንኳ እስካሁን አልወሰንኩም።

ጋሼ ካሣዬ ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ዊልሻየር አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ሃያ ምናምን ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሚስትም ልጅም የለውም፤ ሚድ ሲቲ ውስጥ ፒኮ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። መኪና ስለሰለቸው የራሱን ሸጦ ባቡር ጀመረ። እዚህ ከተማ ሰው ወተት ሊገዛ እንኳ ድራይቭ አድርጎ ነው የሚሄደው፤ እሱ ግን ባቡር።

ባቡር ስላችሁ ደግሞ መሄጃው ሲመጣ ትኬት የሚቆርጥ እንዳይመስላችሁ። አስቀድመው ሲገዙት ዋጋው የሚወድቅ፣ ከተገዛ በኋላ ግን የማይቀየርና ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አለ፤ መጀመሪያ እሱን ይገዛል። እዚያ ከተማ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ የሚያጣራው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥታ በሚሄደው ባቡር ላይ ርካሹ ካለቀበት ደግሞ ይዞራል፤ ግማሹን በባቡር፣ ግማሹን በአውቶቡስ፣ ካስፈለገም እንደገና በሌላ ባቡር። አንድ ጊዜ ፍሬዝኖ አራስ ሊጠይቅ ሄዶ ምጥ ላይ ደርሷል። ትኬቱ አይቀየርማ። ባልየው ሚስቱን ይዞ ሆስፒታል ሲሮጥ እሱ ቤት ቁጭ ብሎ የዘመድ ስልክ ሲመልስ ዋለ። ያ ቤት ዛሬ ያለ እሱ ልደት አያከብርም።

እኔ ሲሞን እባላለሁ፤ ፌርፋክስ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች ባንዱ አስተናጋጅ ነኝ። ሄቨን የምትባል ልጅ ወደድኩ። እሷም ወደደችኝ፤ እስካሁን ይገርመኛል። ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ ተስፋሁን ሳን ሆዜ ነው የሚኖሩት፤ እናቷ ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ስለ እኔ በስልክ ስትነግራቸው «አስተናጋጅ?» አሉና ወሬ ቀየሩ።  ከዚያ ሄቨን ቁርጡን ነገረችኝ፤ «አባዬ እምቢ ካለ አላገባህም፣ ሲሞንዬ። እየወደድኩህ አላገባህም።» ሶ፣ ሽማግሌ ልኬ አባቷ እሺ ካላሉ አለቀልኝ ማለት ነው።

ሦስት ሰው ለመንኩ። ጋሼ ካሣዬ ዋናው ሆነ፤ ጋሼ ይስሐቅ ሁለተኛ፤ ጋሼ ግርማ ሦስተኛ። ጋሼ ግርማ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ የነዳ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው የሚነዳው ነገር ላይ ከተቀመጠ ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ብዙም አላነሳውም። የአውሮፕላን ትኬት ልግዛላችሁ ብዬ ብለምን ጋሼ ካሣዬ አፈጠጠብኝ። «ባቡር ይዤያለሁ። ከሁለት ወር በፊት ነው የገዛሁት» አለ። ከሁለት ወር በፊት እኔ ራሴ ሽማግሌ የመላክ ሐሳቡ አልነበረኝም። «ፊትህ ላይ ይታይ ነበር» አለኝ።

በቀጥታው ባቡር ላይ እንደተለመደው ርካሹ አልቆ ነበር። ስለዚህ በባሕሩ ዳር በሚሄደው ባቡር እስከ ሳን ልዊስ ኦቢስፖ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሳን ሆዜ። ቅዳሜ ጉዞ፣ እሑድ ሽምግልና፣ ሰኞ በመጡበት መመለስ።

ቅዳሜ ጠዋት ልሸኛቸው ዩኒየን ስቴሽን ሄድኩ። ከዚያ በቀጥታ ሥራ ስለምገባ የምግብ ቤቱን ጥቁር ሸሚዝ ለብሻለሁ። ሻንጣቸውን ይዤ ባቡሩ ላይ ወጣሁ፤ ሽማግሌ ሻንጣ እየጎተተ ሲሳፈር ከታች ቆሜ የማይ ሰው አይደለሁም። ሰቅዬላቸው ልወርድ ስል ጋሼ ካሣዬ «አንዴ እንጸልይና ትወርዳለህ» አለኝ። ጴንጤ ነው። እጄን ያዘኝ፤ ዓይናችንን ጨፈንን። ስለ ሄቨን ጸለየ። ስለ አባቷ ልብ ጸለየ። ስለሚወለዱት ልጆች፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ አውቶቡሱ ጎማ ጸለየ። አሜን ብዬ ዓይኔን ስገልጥ የሎስ አንጀለስ ወንዝ በመስኮቱ በኩል እያለፈ ነበር።

ግሌንዴል ቅርብ ስለሆነ እዚያ እወርዳለሁ ብዬ ተነሣሁ። ጋሼ ይስሐቅ ግን ኦርቶዶክስ ነው፤ ቅር ብሎታል። «እሱ ጸልዮልህ እኔ ሳልመርቅህ ልትወርድ ነው?» አለና ቆመ። እኔም እጄን ዘረጋሁ፤ ምን ላድርግ። ምርቃት አቋርጦ የሚሄድ ሙሽራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ውለዱ ክበዱ» ላይ ስንደርስ ግሌንዴል አለፈ። «ያሰባችሁት ይሙላ» ሲል ቡርባንክ። ከዚያ በኋላ ልውረድ ብልም ጉልበት አልነበረኝም፤ ሳቅ ገደለን።

ተቆጣጣሪዋ መጣች። ባቡሩ ላይ ለሚገዛ ሰው ቅናሽ የሚባል ነገር የለም። ካርዴን ስሰጣት ጋሼ ካሣዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ሙሉ ዋጋ» አለ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው። ኧረ ተወው ጋሼ ብለው ብሠራው እስከ ሳንታ ባርብራ አልተጽናናም። አለቃዬን ደውዬ ባቡር ይዞኝ ሄደ ስለው ሳቀና ስልኩን ዘጋው፤ ፈቃድ ይሁን ስንብት አላወቅሁም።

ባሕሩ ሲመጣ ግን ሁሉን ረሳሁት። ሐዲዱ ውሃው አፍ ላይ ነው የሚሄደው። ቆሎ እንቆረጥማለን፣ ጋሼ ይስሐቅ ጫማውን አውልቋል፣ ጋሼ ግርማ ያንኮራፋል፣ እኔ ያለ ቅያሪ ልብስ የራሴን ሽምግልና አጅቤ እየሄድኩ ነው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጋሼ ካሣዬ ፎቶ እይ ብሎ ስልኩን ሲሰጠኝ ሌላ ነገር አየሁ። በሚቀጥለው ወር፣ ሦስት ሰው፣ በዚሁ በሳን ልዊስ በኩል፣ ሳን ሆዜ።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«የሁለተኛው ሽምግልና ትኬት ነዋ» አለኝ፣ ተረጋግቶ። «ባንድ ጊዜ ልጁን የሚሰጥ አባት አለ እንዴ? ተመለሱ ይላሉ። እስኪሉን ጠብቀን ብንገዛ ይወደድብናል።»

 የገዛ ሽማግሌዬ እምቢ እንድባል ትኬት ቆርጦልኛል። አባቷ በመጀመሪያው ቀን እሺ ካሉ ያ ትኬት ይቃጠላል፤ ጋሼ ካሣዬ ደግሞ ትኬት ሲቃጠል የሚችል ሰው አይደለም። ሳን ልዊስ ደርሰን አውቶቡሱ ላይ ስንወጣም ይኸው ነገር ሲከነክነኝ ቆይቶ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የጋሼ ይስሐቅ የአክስት ልጅ ቤት አደርን። እሑድ እነሱ ክራቫታቸውን አስረው ሄዱ። ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ ደጅ ላይ አይታይም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ከአቶ ተስፋሁን ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ላውንደሪ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሸሚዜን ማሽኑ ውስጥ ከትቼ የጋሼ ይስሐቅን ካፖርት በባዶ ገላዬ ደረብኩ። ሸሚዙ ሲያልቅ እንደገና ከተትኩት። ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልቻልኩም።

መጡ። ጋሼ ይስሐቅ መሬት መሬት ያያል። ጋሼ ግርማ እንኳ ነቅቷል።

«ተመለሱ ተባልን» አለ ጋሼ ካሣዬ።

 ንዴቱ መጣ። «ደስ አለህ ኣ?» አልኩት። ለሽማግሌ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። «ትኬትህ ተረፈችልህ። እኔ ሄቨንን ላጣ ነው፣ አንተ ትኬት ትቆጥባለህ።» ልብስ የምታጣጥፍ ሴትዮ ዞራ አየችኝ። አለቀስኩ።

ጋሼ ካሣዬ ሊችለው ሞከረ። ከንፈሩን ነከሰ፣ ኮርኒሱን አየ። አልቻለም።

«ሰጥተውናል» አለ።

«ካሣዬ፣ ቃል ገብተን የለም እንዴ» አለ ጋሼ ይስሐቅ።

«ተወኝ ይስሐቅ፤ ልጁን አታየውም? ሰጥተውናል፣ ሲሞንዬ። ሻዩ እንኳ ሳይቀርብ።»

አቶ ተስፋሁን ኮስተር ብለው «ለመሆኑ ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ። ጋሼ ካሣዬ ያጠናው ንግግር ጠፋበት፤ የመጣለትን ተናገረ። «ጸሎት አቋርጦ ከመውረድ ባቡር ይዞት ቢሄድ የመረጠ፣ የሽማግሌ ምርቃት ጥሎ ከመሄድ ሙሉ ዋጋ የከፈለ ልጅ ነው። አሁንም እዚህ ላውንደሪ ውስጥ ቁጭ ብሏል» አላቸው። አቶ ተስፋሁን ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከዚያ እንባው ብቻ ቀረ። «እናቷ ይሄን ብትሰማ ምን ነበረበት» አሉ። ሰጡ።

«ታዲያ ተመለሱ ያለው ማነው?» አልኩ።

«እሳቸው ናቸዋ» አለ ጋሼ ካሣዬ። «ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ይሄን በር እንዲህ ለቁም ነገር ያንኳኳ ሰው የለም አሉ። ልጁ ካወቀ አትመለሱልኝም፤ ተመለሱ ተባልን በሉትና ሌላ ቀን ደግማችሁ ኑ፤ የምግቡን ነገር ለእኔ ተዉት አሉን። እኔም፣ ትኬት አለን አልኳቸው። ተነሥተው አቅፈው ሳሙኝ።»

«ልትነግሩኝ ያሰባችሁት መቼ ነበር?»

«ነገ ስንመለስ፣ ሳን ልዊስ ስንደርስ» አለ። አንገቱን ደፋ። «መንገድ አቋርጠን እዚህ እስክንገባ እንኳ ከብዶኝ ነበር።»

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የሚቀጥለው ወር ትኬት አራት ሆኗል። አራተኛው ላይ የኔ ስም አለ። ትናንት አውቶቡሱ ላይ ተኝቼ ሳለ ነው የጨመረው፤ እሺ ይበሉ እምቢ ይበሉ ገና ሳያውቅ። «እሺ ብንባልም ባንባልም ብቻህን አትጠብቅም ብዬ ነው» አለኝ። እዚያው ላውንደሪው መሃል፣ በሰው ካፖርት፣ አንገቱ ሥር ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሽማግሌዎቹም ተቀላቀሉ።

ሄቨን ጋ ደወልኩ። ሄሎ ስትል ልቅሶው ቀደመኝ። እምቢ ያሉ መሰላት። «አውቄው ነበር» አለችና እሷም ማልቀስ ጀመረች፤ እኔ አይደለም፣ አይደለም ለማለት ብሞክር ጭራሽ ባሰብኝ።

ጋሼ ካሣዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

«አታልቅሺ ልጄ» አላት። «ተድረሻል።»