ሥጋና ቅቤ እንዳታመጡ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን፤ ስም አልጠራም። መጀመሪያ ትልቋ ልጄ ናት። እዚሁ ሶዶ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ስትሆን፣ ደም ግፊት ኩላሊቷን ክፉኛ እንደጎዳው የታወቀው ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ነው። ቀጥሎ ባለቤቴ፤ ብዙ አትናገርም፣ የተናገረችውን ግን አታነሳም። ሦስተኛዋ ጉኑኖ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ናት። የራሷ ልጅ ስለሌላት ልጄን እንደ ልጇ ነው የምታየው። አራተኛው እኔ ነኝ። ወፍጮ ቤት አለኝ። ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የቀረውን ራሴ አንብቤ ነው ያወቅሁት። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ አደጋ አለበት፤ ሲሳሳት የሚያርመው አስተማሪ የለውም።

ሐኪሙ የነገረን ግልጽ ነበር። ኩላሊቷ ደክሟል፣ ግን ገና እጥበት ላይ አልደረሰችም። እጥበት ማለት በየሳምንቱ ደጋግሞ ማሽን አጠገብ ተኝቶ ደምን ማጣራት ነው። ከዚያ የምትርቀው ደም ግፊቷን ከተቆጣጠረችና ክብደቷን ቀስ ብላ ከቀነሰች ነው አለን። ጨው ይቀነስ፣ ሥጋ በመጠን ይሁን፣ ቅቤው ይቅር። ስለ ሌላው ምግብ የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ታስረዳችኋለች ብሎ ለሌላ ቀን ቀጠረን። ስንወጣም፣ «እሷን ሳታነጋግሩ በራሳችሁ ምንም እንዳትጀምሩ» አለ።

በቀጠሮው ቀን ወፍጮው ተበላሸ። ልጄም ፈተና ታርም ነበር። «ቅቤ አትብሉ የምትለኝ ባለሙያ አያስፈልገኝም፤ እኔም እለዋለሁ» አልኩና ቀረን።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር፤ ዘመድ። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ከአረካ ይምጣ ከጉኑኖ፣ ጠያቂው ሙቿ የምንለውን ቅቤ የጠገበ የቆጮ ምግብ፣ አይብ፣ ከቻለም ጥሬ ሥጋ ከነዳጣ ማጥቀሻው ይዞ ነው በር የሚያንኳኳው። በሽተኛው ካልበላ ጠያቂው ይከፋዋል፤ የእጁን የናቀበት ይመስለዋል። ልጄ ደግሞ ሰው ማስከፋት አትችልም። እንዲህ እየበላች እንዴት ትከሳለች?

ስለዚህ አንድ እሁድ፣ አምልኮ አብቅቶ ማስታወቂያ ሲነገር፣ እጄን አውጥቼ ተነሳሁ። «ልጄን የምትወዱ ሁሉ ስሙኝ» አልኩ። «ሥጋና ቅቤ እንዳታመጡ። ያመጣ ሰው ከደጄ ይመለሳል፤ እኅቴም ብትሆን።» ሆዳምነት ኃጢአት እንደሆነም ጨምሬ ተናገርኩ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ልጄ ከሴቶቹ በኩል ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ቀረች።

ሕዝቡ ሰማኝ። አንድም ሰው ሥጋና ቅቤ አላመጣም። ግን ባዶ እጁን የመጣም የለም። ሙዝ በእቅፍ፣ አቮካዶ በፌስታል፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬ በከረጢት። እኅቴ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሙሉ የሙዝ ዘለላ አስጭና መጣች። ባጃጁ ከመናኸሪያ ደጃችን ሲያደርሳት ገና ሳትወርድ ጮኸች።

«ኢሻው! ና ፈትሽ እንግዲህ! ፖሊስ አይደለህ?» ኢሻው ማለት ወንድሜ ማለት ነው።

«ቅቤ የለበትም?» አልኳት።

«ሙዝ ውስጥ ቅቤ የት ይገባል? ልጂቱን እንጨት ልታደርጋት ነው? ሰው ሲከሳ ጠላት ነው የሚደሰት።»

ሙዙን አስገባሁ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከመሬት የወጣ፣ እሳት እንኳ ያልነካው ነገር ምን ይጎዳል ብዬ። ጠዋት ሙዝና አቮካዶ፣ ቀን ስኳር ድንች፣ ማታ ጎደሬ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፤ ይህን አዘዝኩ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ባለሙያዋን ብንጠይቅስ?» አለችኝ። ሙዙን መቁጠር ቀጠልኩ። ደግማ አልጠየቀችም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ወፍጮ ቤት እየወሰድኩ በእህል ሚዛኑ ላይ አቆማት ነበር። በቆሎ ሊያስፈጩ የመጡት ያያሉ። አንዱ ቀልደኛ፣ «ጋሼ፣ ስንት ኩንታል ሆነች?» አለና ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ።

«አባዬ፣ እኔ በቆሎ አይደለሁም» አለችኝ ስንመለስ።

«ሚዛን ያላየው ነገር አይታረምም» አልኳት።

«ሰው ያየውስ?»

እርምጃዬን አፈጠንኩ። ክብደቷ እየወረደ ነበርና ትክክል እንደሆንኩ ሚዛኑ የመሰከረልኝ መሰለኝ። ወረደ ማለት ተሻላት ማለት አይደለም። ይህን ሚዛን አይናገርም።

ምግቡ አልበቃኝም። ማለዳ ከትምህርት ቤት በፊት ወደ ዳሞታ ተራራ በሚወስደው መንገድ አስኬዳት ጀመር። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ከሰሞኑ እግሬ ከበደኝ፣ ልቤ ይዘላል ትለኝ ነበር። ልምምድ ስላልነበራት ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ማለዳ ዳገቱ መሃል ላይ የእግሯ ድምፅ ቀረብኝ። ዞር ስል መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ተነሺ።»

«አልቻልኩም አባዬ።»

«አልቻልኩም የሰነፍ ቃል ነው። ተነሺ!»

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከላይ እየወረዱ ነበር። ልጄ በሁለት እጇ ድንጋዩን ተደግፋ ለመነሳት ሞከረች። ጉልበቷ ተጣጥፎ ተመለሰች። እንደገና ሞከረች። ሦስተኛውን ሳትሞክር ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ ዓይን ውስጥ ስንፍና አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም። ፍርሃት ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ሸክሟን መሬት ላይ ጥላ መጣችና እጇን የልጄ ግንባር ላይ አደረገች። ወደ እኔ ዞራ፣ «ምን ቆመህ ታያለህ? ልጅ አይደለችም?» አለችኝ።

ተሸክመን አወረድናት። የመጀመሪያው ባጃጅ ተማሪዎች ጭኖ ነበር፤ አስወረድኳቸው። ሆስፒታል እስክንደርስ እጇ እጄ ውስጥ ነበር። ጣቶቿ ሊጨብጡኝ ይሞክራሉ፣ ኃይል የላቸውም።

ድንገተኛ ክፍል ደረቷ ላይ ሽቦ ለጠፉ። ከመሣሪያው የወጣውን ወረቀት ያየችው ወጣት ሐኪም ፊቷ ተለወጠ። ነርሱን በችኮላ ጠራችው፣ መርፌ አዘዘች፣ ደም አስቀዳች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ ምንድን ነው የምትበላው?»

በኩራት መለስኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ኮርቻለሁ። «ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬ። ንጹሕ ምግብ ብቻ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። «እነዚህ ምግቦች ውስጥ ፖታሺየም የሚባል ነገር ብዙ አለ» አለችኝ። «ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያወጣዋል። የእሷ ግን ማውጣት አቅቶት ደሟ ውስጥ ተከማችቷል። ሲበዛ ጡንቻ ያደክማል፤ ልብም ያቆማል። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» አለችና ወደ ልጄ አልጋ ተመለሰች።

ባለቤቴ ስትደርስ ሁሉንም ነገርኳት። ኮሪደሩ ላይ ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ያን ቀን ልጄ ያን ያህል የሸሸነው እጥበት ውስጥ ገባች። በበሩ መስታወት ደሟ በቀጭን ቱቦ ሲወጣና ሲመለስ አየሁ። የምጸልየው ጠፍቶኝ ቆምኩ።

ዳነች። ማሽኑም ለጊዜው ተነሳላት። የቀረንበትን ቀጠሮ አሁን አራታችንም ሄድንበት፤ እኅቴም ከጉኑኖ መጥታ ገባች። የምግብ ባለሙያዋ ሁሉንም አልከለከለችም። ጎደሬና ስኳር ድንች ሲያምራት ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በብዙ ውኃ ይቀቀል፤ ውኃው ይደፋ፤ እሱም በጥቂቱ። ሙዝና አቮካዶ ይቅር። እንቁላልና ሥጋ በልክ ይኑር፣ ፈጽሞ ከጠፋ ሰውነቷ ራሱን ይበላል። እግር ጉዞ ደግሞ ሜዳ ላይ፣ እያወራች ልትሄድ በምትችልበት ፍጥነት፤ ከደከማት ታርፍ። ክብደቱ በወራት እንጂ በሳምንት አይወርድም። «ደግሞም ሁሌ በየወቅቱ ደሟን አስመርምሩ» አለች፤ «የእሷ ልክ ከሌላ በሽተኛ ልክ ይለያል።»

እኅቴ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ «በእጄ ነው ያበላኋት» አለች። ልጄ ተነስታ አቀፈቻት። «አክስቴ፣ አንቺ የታዘዝሽውን ነው ያመጣሽው» አለች። እኔን አላየችኝም። ማየትም አላስፈለጋትም።

በሚቀጥለው እሁድ እንደገና እጄን አውጥቼ ተነሳሁ። የመጀመሪያው ንግግሬ ረጅም ነበር፤ ይህኛው አጭር። «አንድ ማስታወቂያ ተሳስቼ ተናግሬ ነበር። ልጄን የምትወዱ ባዶ እጃችሁን ኑ፤ አብራችኋት በእግር ሂዱ» አልኩና ተቀመጥኩ። ከኋላ አንዱ፣ «ይህማ ርካሽ ነው» አለ፤ ሰው ሳቀ። ልጄም ሳቀች።

ርካሽ አልነበረም። መስከረም ላይ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ደረሰ። በዚያ ቀን ዘመድ ቤት ባዶ እጅን አንጠልጥሎ መግባት ለእኅቴ ያህል ሴት ራቁት እንደመሄድ ነው። መጣች። ከባጃጁ ወርዳ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች፤ ደጃፉ ላይም ቆመች፤ መግባት አቃታት። ልጄ ወጥታ እጆቿን ከነጠላው ውስጥ አወጣቻቸው። ተያይዘው በሜዳው መንገድ፣ እያወሩ፣ ቀስ ብለው ሄዱ። ባለቤቴ በማድቤቱ መስኮት ታያቸው ነበር። እኔ ወደ ማድቤት ብቅ ስል፣ «አንተ ወፍጮህን ጠብቅ» አለችኝ። ከዚያ ማለዳ ወዲህ በልጄ ምግብ ላይ ቃል የለኝም፤ ሊኖረኝም አይገባም።

ልጄ ዛሬም ታስተምራለች፣ ክብደቷም በዝግታ እየቀነሰ ነው። ሂሳቡን ግን ልዝጋ። እኅቴ እጇን ሞልታ የመግባት ክብሯን ከፈለች። ባለቤቴ ለዓመታት በእኔ ላይ የነበራትን እምነት፣ እኔ ደግሞ በቤቴ የመጨረሻውን ቃል። ልጄ ከሁላችንም በላይ ከፈለች። በዚያ ሰሞን ከኩላሊቷ የጠፋው አቅም አልተመለሰም፤ ዓመታት ይርቃል ተብሎ የነበረው ማሽን አሁን በሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃታል።