ከሦስተኛው ቤት ወዲያ

በልጅነቴ የማስታውሰው የመጀመሪያው ፍርሃት የእኔ አልነበረም፤ የእናቴ ነበር።

ያደግሁት ከቡሬ አንድ ሰዓት በእግር የምታስኬድ መንደር ውስጥ ነው። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ምንጭ ወርጄ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በመቅጃ ተራ ተጣላን። እናቷ ከላይ ሆና ትሰማ ነበርና ልጇን ጠርታ፣ ተያት፣ ከባርያ ጋር አፍ አትካፈቺ አለቻት። ጀሪካኔን ሞልቼ ቤት ገባሁና ለእናቴ ነገርኳት። ቃሉ ስድብ መሆኑን እንጂ የእኛ መሆኑን አላውቅም ነበር።

እናቴ በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘጋችው። ከእኛ በቀር ማንም በሌለበት ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ነገረችኝ። የአባቷ እናት፣ የእኔ ቅድመ አያት፣ ልጅ ሳለች ከቆላ ተይዛ፣ ከገበያ ገበያ ተሸጣ እዚህ አገር የገባች ናት። በንጉሡ ዘመን አዋጅ ወጥቶ ነጻ ነሽ ተባለች። ነጻ ስትባል ግን መሄጃ አልነበራትምና እዚያው ጌቶቿ ጓሮ ቀረች። አያቴም እዚያው ጓሮ ተወልዶ፣ የሰው ከብት ሲጠብቅና የሰው መሬት ሲያርስ ጎለመሰ። በደርግ ጊዜ መሬት ሲታደል እሱም እንደ ሰው ተቆጥሮ ድርሻውን አገኘ። እናቴ ያን ቀን ታስታውሰዋለች። በገመድ ሲለኩለት አባቷ መሬቱን ትቶ የቀድሞ ጌታውን ልጅ ፊት ነበር የሚያየው። እርሻው የእሱ ሆነ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። የባርያ ልጅ ውላጅ፣ የልጅ ልጁ ቅናጅ እየተባለ፣ ዘሩ በወረደ ቁጥር ሌላ ስም ይወጣለታል እንጂ ሰው ብቻ ተብሎ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ "ከእንግዲህ ይኸን ቃል ሲሉሽ እንዳልሰማሽ ሁኚ። መልስ የሰጠሽ ቀን አገር ይሰማዋል" አለችኝ።

እንዳለችኝ አደረግሁ። አባቴ ገና ዳዴ ሳልል ስለሞተ ያሳደጉኝ እሷና ወንድሟ ናቸው። ተማርኩ፣ ኮሌጅ ገባሁ፣ የታሪክ መምህር ሆኜ ፍኖተ ሰላም ተመደብኩ። በከተማው የሚያውቀኝ ስላልነበረ ጥቂት ዓመት ፍርሃቱ የተወኝ መሰለኝ። ከመንደራችን ሰው በገበያ መሐል ባየሁ ቁጥር ግን መንገድ እቀይር ነበር።

ከዚያ እሱ መጣ። በእኛው ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር። ረጋ ያለ፣ ነገሩን ሳይጨርስ የማይስቅ ሰው ነው። ዓመት ያህል ከተዋወቅን በኋላ ሽማግሌ ልላክ አለኝ። ልቤ በደስታ ዘሎ ወዲያው ቀዘቀዘ። በአገራችን ሽማግሌ ሲመጣ ዘር ይቆጠራል፤ ዝምድና እንዳይገኝ በአባትም በእናትም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዝምድና ፍለጋ ነው ይባላል። ሌላም ነገር እንደሚፈለግበት ሁሉም ያውቃል። ሦስት ጊዜ ልነግረው ቆርጬ ተነስቼ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ፈተና እርማት አውርቼ ተመለስኩ።

በዚያው ሳምንት ለክፍሌ የደቡብ አፍሪካን ትግል አስተምር ነበር። ጥቁሮች በገዛ አገራቸው በየትኛው መንገድ መሄድ፣ በየትኛው ወንበር መቀመጥ እንደተከለከሉ፣ ለመምረጥ ስንት ዘመን እንደታገሉ ስነግራቸው ተማሪዎቼ በቁጣ ያጉረመርሙ ነበር። አንዲት ከመካከል የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣችና፣ መምህር፣ በእኛ አገርስ ሰው ይሸጥ ነበር ወይ አለችኝ። በአዋጅ ቀርቷል አልኳት። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ገና ያልገለበጡትን ማስታወሻ ማጥፋት ጀመርኩ። ስለ ሩቅ አገር ሰዎች ድፍረት ለአርባ አምስት ደቂቃ ተናግሬ ስለ ራሴ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አቃተኝ። ያን ቀን ደወሉ እስኪደወል ድረስ ዞሬ አላየኋቸውም።

ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት አጎቴ መላ አበጀ። በእናቴ ወገን ከሦስተኛው ቤት ጀምሮ አምስት ስም ፈጠረ። ወገናችን ከዓባይ ማዶ፣ ከካህናት ዘር የመጣ ነው ሊል ነው፤ ሩቅ ስለሆነ ሄዶ የሚያጣራ የለም። ስሞቹን እኔም እንዳልሳሳት ደጋግሞ አስጠናኝ። እናቴ በርበሬ እየቀነጠሰች ታዳምጣለች። እኔ የተስማማች መስሎኝ ነበር።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው የእሱ አጎት፣ ሁለተኛው ጎረቤታቸው፣ ሦስተኛው የቤተሰቡ የንስሐ አባት የሆኑ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ቁጭ በሉ ሲባሉ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው በወጉ ቆሙ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ፤ ይሁን ሲባሉ ተቀመጡ። እኔ ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ጠላ ተቀዳላቸው። አጎቱ የወንድ ወገን ነኝና ልቅደም ብሎ እንደ ውዳሴ ማርያም ሳይደናቀፍ ሰባቱን ቤት ቆጠረ። ከዚያ የእኛ ተራ ሆነ።

የሟች አባቴ ወገን በሰላም አለፈ። አጎቴ የእናቴን ወገን ጀመረ። አንድ አለ፣ እናቴን ጠራ። ሁለት አለ፣ አያቴን ጠራ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። ያጠናሁትን ስም በከንፈሬ አብሬው ልል አፌን ከፈትኩ።

"ወንድሜ ለእኔ ክብር ብሎ ነው እንጂ ከዚያ ወዲያ የለንም" አለች እናቴ። "የአባቴ እናት ከቆላ ተገዝታ የመጣች ናት። እናቷ ያወጣችላትን ስም አናውቀውም። የማን ልጅ እንደሆነችም አናውቅም።"

የእህል ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም።

የእሱ አጎት፣ ይኸን ባይነግሩን ይሻል ነበር አላት።

"ኋላ ከሰው ሰምታችሁ በልጅ ልጄ ፊት ከምትነግሩብኝ ዛሬ እኔ ልንገራችሁ ብዬ ነው" አለችው። ድምጿ ሹክሹክታ አልነበረም።

ዶሮ ወጥ ቀርቦላቸው ነበር። አጎቱ ዋንጫውን መሬት አስቀምጦ ተነሳ፤ ጎረቤታቸውም ተከተለው። ደግ ዋሉ ብለው ወጡ። ቄሱ ግን ከተቀመጡበት አልተነሱም። የዚያችን ሴት የክርስትና ስም ያውቁት እንደሆነ እናቴን ጠየቋት። ታውቀው ነበርና ነገረቻቸው። በቅዳሴ ጊዜ ከሙታኖቼ ጋር አስባታለሁ አሏት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው፣ ማዕዱን ባርከው፣ ብቻቸውን በሉ። እናቴ የተቀመጠችበት ሆና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ በመጋረጃው ስንጥቅ አየኋት። አጎቴ አቀርቅሮ ቀረ፤ ለሁለት ቀን አላናገራትም።

እሱ በዚያ ሰሞን ፈቃድ ወስዶ ወላጆቹ ዘንድ ነበር፤ ስልክ በማይደርስበት ገጠር ነው። ዘጠኝ ቀን ወሬ አልሰማሁም። ትምህርት ቤት ስገባ በመምህራን ማረፊያ የሚሳቅ ሳቅ ሁሉ በእኔ ይመስለኝ ነበር። ክፍል ስገባ ተማሪዎች ድንገት ዝም ካሉ ሰምተዋል እላለሁ፤ ካወሩም ስለ እኔ ነው እላለሁ። እናቴ በሕይወቷ ሙሉ የኖረችበት ነገር ይህ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ከበሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። በአጥንትሽ አይደለም የተቆጣሁት፣ ዓመት ሙሉ አብረሽኝ ስትውይ ይህን ከሽማግሌ አፍ መስማት ነበረብኝ ወይ አለኝ። ፈርቼ ነው አልኩት።

"እኔም ፈርቻለሁ" አለ። "አባቴ አልጮኸብኝም። ከብት ሲያበላ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እሷን ካገባህ ደጄን አትርገጥ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም።"

ያን ቀን አገባሻለሁ አላለኝም። ሁለት ወር ያህል እንደ ባዳ በትምህርት ቤቱ ግቢ እየተላለፍን ሰነበትን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ራሱ፣ ያለ ሽማግሌ፣ በባጃጅ እናቴ ዘንድ ሄዶ ጉልበቷን ስሞ ልጅዎን ይስጡኝ አላት። የሆነውን የሰማሁት በማግሥቱ ነው።

ሠርጉ ትንሽ ነበር። ከእሱ ወገን ማንም አይመጣም ብዬ ፈርቼ ጠዋቱን ሙሉ ወደ መንገዱ ሳይ ዋልኩ። ከረፈደ በኋላ እናቱ ከአንዲት እህታቸው ጋር በእግራቸው መጡ። ባላቸውን ገበያ እወጣለሁ ብለው ነው የመጡት። አዊ ናቸው፤ በሙሽርነታቸው ዘመን አማርኛቸው እየተሰባበረ የባላቸው ዘመዶች እየደጋገሙ ይስቁባቸው እንደነበር ለእናቴ ሲያወሩላት ሰማሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት አልተናገርኩም አሏት። እናቴ እጃቸውን ይዛ ሰማቻቸው።

አሁን ሴት ልጅ አለችን። አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። አማቴ ባላቸውን ሳያስፈቅዱ በገበያ ቀን ብቅ ይላሉ። የባሌ አባት ግን ደጃችንን ረግጦ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት፣ በግጭቱ ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት በሰነበተበት ጊዜ፣ ልጄን ይዤ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወጥቼ ነበር። ሽንኩርት ስመርጥ ቀና ብል የባሌ አባት ከፊት ለፊቴ ቆሟል። ከሩቅ አይቼው ስለማውቅ ለየሁት። መሸሻ አልነበረኝም፤ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ልጂቱን ቁልቁል አያት። ከፀጉሯና ከፊቷ ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ እኔም አንዳንድ ቀን ተኝታ ሳለች ያንኑ ፈልጌ አውቃለሁና።

"የማን ልጅ ነሽ?" አላት።

የአባቷን ስም ነገረችው።

"የእሱስ አባት?"

አስተምሬአት ነበር። ሳታቅማማ የራሱን ስም ጠራችለት።

ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አደረገ። እጁን በራሷ ላይ አሳርፎ፣ እደጊ አላትና በሰዉ መሐል ሄደ። የሽንኩርቱን ዋጋ ከፈልኩ። ልጄ ሰውየው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አያትሽ ነው አልኳት፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኳት።