የተላገው ምልክት

ባለፈው ሳምንት ለፈተና የሚሆኑ ወንበሮች በተማሪዎች ላስወጣ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ስሄድ፣ ዘበኛው ጋሽ ደምሴ በሩ ሥር የተቀመጡበትን አግዳሚ አየሁና እግሬ ቀጥ አለ። ከሰው ቁመት የሚረዝም ወፍራም እንጨት ነው፤ አንድ ጫፉ እንደ ዓረብ ጫማ አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ስለሚል፣ የተቀመጠበት ሰው ሳያስበው እየተንሸራተተ መሀሉ ላይ ይገኛል። ጎንበስ ብዬ ጎኑን ዳሰስኩት። የፈለግሁት ምልክት የለም። በቦታው መላጊያ የሄደበት፣ መዳፍ የምታህል ጎድጓዳ አለች። የድሮው የሙጫ ሽታ የመጣብኝ መሰለኝ፤ ንዴቱም አብሮት መጣ።

አባቴ አናጢ ነበሩ። ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት በርና ሣጥን ይሠሩ ነበር። እኔ በዚሁ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሳይንስ የሚያስተምረን ፈረንጅ አንድ ሥዕል ይዞ ወደ እሳቸው መጣ። የሰውየው ሀገር የዓመቱን እኩሌታ በረዶ ለብሶ የሚከርም ነው። እዚያ ሰዎች ረጅም ስስ እንጨት እንደ ጫማ እግራቸው ላይ አስረው ከተራራ ይንሸራተታሉ፤ እሱም የራሱን እዚሁ ሠርቶ ለዕረፍት ይዞት ሊሄድ ፈልጓል። ለዚህም ስስ ጣውላዎች በሙጫ ተደራርበው፣ በሁለት ወፍራም እንጨቶች መሀል ተጨምቀው፣ እንደ ጎበጡ የሚደርቁበት ፎርማ ያስፈልገዋል። አባቴ በረዶን የሚያውቁት በክረምት ቆርቆሯቸውን ሲደበድብ ነው፤ ሥዕሉን ግን ገልብጠውም ዘቅዝቀውም ካዩት በኋላ ገባቸው።

ፎርማውን የሚያጣብቅ ቡሎን ልንገዛ ጊደር መጋላ ገበያ ስንገባ፣ ብረት ሻጩ ሐጂ ዩሱፍ ነገሩን ሰምተው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

«ወላሂ፣ እንጨት ተጫምቶ ተራራ የሚወርድ ሰው? ለዚህስ ቡሎን ሳይሆን ዱዓ ነው የሚያስፈልገው!»

«ዱዓውን እርስዎ ያድርጉለት፤ ቡሎኑን እኔ አጠብቅለታለሁ» አሉ አባቴ።

ፈረንጁ የፈለገው ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ነገር ነበር። አባቴ ግን ለአንድ ጊዜ የሚሆን ነገር መሥራት አያውቁበትም። የመጀመሪያውን ከአንድ ግንድ ጠርበው አወጡት፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ከጫፉ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ከደረቅ ወይራ ቆራርጠው፣ የአንዱ ቁራጭ ጅማት ከሌላው ጋር እንዲጻረር አድርገው ደራርበው ሠሩት፤ ጠርዙንም ብረት አለበሱት። ሲያልቅ በጋለ ብረት ጎኑ ላይ በክብ ውስጥ ያለች ትንሽ መስቀል አተሙበት። መጻፍ አይችሉም ነበርና ያቺ መስቀል ስማቸው ነበረች።

የኔ ሥራ ጣውላው እንዳይጣበቅ ፎርማውን ሞራ መቀባት ነበር። ዐቢይ ጾም ገብቶ እናቴ የሞራውን ጣሳ ከቤት አውጥታ ስለነበር፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ የኑግ ዘይት ቀባሁት። ኑግ ሲቆይ እንደ ሙጫ እንደሚይዝ በምን አውቄ! በሳምንቱ ቡሎኑ ሲፈታ ጣውላውና ፎርማው አንድ ሆነው ቀሩ። ፈረንጁ ፎርማው ይሰበር አለ። አባቴ እምቢ አሉ፤ ሁለት ቀን ሙሉ በጋለ ስስ ቢላ እያላቀቁ ሁለቱንም ደህና አወጧቸው። እኔን የተናገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንጨቱንም አስጾምሽው?»

ፈረንጁ ሥራውን ሲጨርስ ፎርማው ለትምህርት ቤቱ የእጅ ሥራ ክፍል እንዲቀር ጠየቀ። አባቴ ልጆች ያዩታል ብለው ደስ እያላቸው ሰጡ።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ዲሬክተሩ ፎርማውን አዳራሹ ውስጥ አቆመው። ዓይነ አፋር ብሆንም ንባቤ ጥሩ ነበርና ለእንግዶቹ እንዳነብ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ ይህ መሣሪያ በመምህራችን ንድፍ፣ በትምህርት ቤታችን ተማሪዎች እጅ ተሠራ ይላል።

«ጋሼ፣ የሠሩት እኮ አባቴ ናቸው» አልኩት በሹክሹክታ።

«አናጢው? እሱማ ጥረብ የተባለውን ጠረበ። የሠራው ያሰበው ነው። ያቺን ጠባሳም አስልጌያታለሁ፤ ለእንግዳ አታምርም።»

አነበብኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ድምፄ ተከፍቶልኝ አያውቅም። ፈረንጁ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አማርኛውን እየሰማ ፈገግ አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። አባቴም፣ የታጠበ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከኋላ ቆመው አጨበጨቡ። ወደ ቤት ስንሄድ «ድምፅሽ ጥርት ያለ ነው፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ፎርማው አንሥተው አያውቁም፤ እኔም አላነሣሁም። ተቆጥተው ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሞቱ። ቆርቆሮ ቤቷ ዛሬ የጫት ማከማቻ ናት፤ የሠሯቸው በሮች በብረት ተተክተዋል፤ ከፎርማውም የቀረው ጋሽ ደምሴ የሚቀመጡበት ያ አንዱ እንጨት ብቻ ነው። ያንን ዲሬክተር አሁንም መንገድ ላይ አገኘዋለሁ፤ ባርኔጣውን ያነሣልኛል፣ እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ አልፋለሁ። አንገቴን በሰበርኩ ቁጥር ቤቴ እስክደርስ ጥርሴን አፋጫለሁ፤ በእሱ ይሁን በራሴ ለይቼው አላውቅም።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይህን አግዳሚ ማን እንደሠራው ያውቃሉ?» አልኳቸው ከጎነበስኩበት ቀና ብዬ።

«ፈረንጅ ነው አሉ። እጅ ነበረው! ሦስት ሰው ሲቀመጥበት ሲጥ አይልም።»

«አባቴ ናቸው የሠሩት።»

ጆሯቸው ከበድ ይላል። «ምን አልሽ ልጄ?»

ደገምኩት። አልሰሙኝም። በሦስተኛው ስጮህ ወንበር የተሸከሙት ተማሪዎች ሁሉ ቆመው አዩኝ። ጋሽ ደምሴ ከአግዳሚው ተነሡ፤ የተቀመጡበትን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ቀና ብለው፣

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ።