ባዕብዳ የሰነበቱት ዋንጫዎች

የሺያህ ሰፈር የእግር ኳስ ክለባችንን ታሪክ ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ ሰው ቤይሩት ውስጥ የለም፤ የክለቡ ፕሬዚዳንትም ያምናል። ከኢትዮጵያ መጥቼ የክለቡን ሕንፃ ለመጠበቅና ለማጽዳት የተቀጠርኩት ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ዓረብኛ ማንበብ የተማርኩት ዋንጫዎቹን ስወለውል፣ የተቀረጸባቸውን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ ነው።

አውሮፕላኖች ሰፈራችንን መደብደብ ሲጀምሩ ተጫዋቾቹ ወደ ተራራው ተበተኑ። ፕሬዚዳንቱ ደውሎ ዕቃውን ትተህ ነፍስህን አውጣ፣ ኸላስ፣ በቃ አለኝ። እኔ ግን ዋንጫዎቹን በማሊያ ጠቅልዬ፣ በጆንያ ከትቼ፣ በታክሲ ተራራው ላይ ወዳለው ባዕብዳ ወጣሁ። እዚያ እንደ ልጄ የማያት የወሎ ልጅ በአንድ ቪላ ትሠራለች። ማዳሟና ባሏ ቤቱን ለእሷ ትተው ፓሪስ ሄደዋል።

ጆንያዎቹን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"ጋሼ፣ የማዳሜ ባል የተቃራኒው ክለብ ደጋፊ ነው። ካየ ያባርረኛል። ፓስፖርቴ እሱ ጋ ነው፣ የት እገባለሁ?"

ድብደባው ጋብ እስኪል ብቻ ብዬ ለመንኳት። አስገባችኝ።

ጉም ወርዶ መስኮቶቹን ሸፈነ። ሳሎኑ ደመና ላይ የተንሳፈፈ መሰለኝ፤ የታቹ ድብደባ ራቅ ያለ ቤት በር ሲዘጋ ያህል ይሰማል። ዋንጫዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ታሪካቸውን ጀመርኩ። ትንሹ፣ በአቧራ ሜዳ ጫማ እየተዋዋስን ያገኘነው። እጀታው የተሰበረው፣ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወርደን በተመለስን ጊዜ ሕዝቡ የተሻማበት። ትልቁ፣ የሊጉ። ስናገር የሞቱትም ያሉትም ተጫዋቾች ከጉሙ እየወጡ፣ ማሊያቸው እንደረጠበ ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ይታየኝ ነበር። ኳስ አይታ የማታውቀው ልጅ ጉልበቷን አቅፋ ታዳምጣለች።

ማዳሟ ቤቱን ለማየት በቪዲዮ ስትደውል መደበቂያ ጊዜ አልነበረንም።

"ያኒ፣ ምን ማለት ነው፣ የእነዚያ ዋንጫ እኔ ቤት?"

 ስልኩን ከልጅቷ ተቀበልኩና፣ ሁሉ የሚያደንቅልኝን ዓረብኛዬን አሳምሬ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ካዘዘችኝ አሁኑኑ ተሸክሜ እንደምወጣ፣ ልጅቷን ግን እንዳትነካብኝ ለማዳሟ ነገርኳት።  ማዳሟ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ባሌ ሳምንት ሙሉ ምግብ እምቢ ያለበት የትኛው ነው?"

አላጣሁትም። በመጨረሻዋ ደቂቃ የባሏን ክለብ ያሸነፍንበትን አንስቼ ወደ ስልኩ አስጠጋሁላት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሌሎቹን የአንሶላው ቁም ሳጥን ውስጥ ክተቱ፣ እሱ አይከፍተውም፤ ይህን እዚያው ተዉት፣ ቢመጣም እኔ አለሁ ብላ ዘጋች።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ጎኗ ተቀመጥኩ። ያቺን የመጨረሻ ደቂቃ ጎል፣ ከእኔ በቀር ማንም እንደማይናገራት አድርጌ፣ ኳሷ መረቡን እስክትነካ ድረስ ቀስ ብዬ ነገርኳት።